ዥዋዥዌው ይቆይ፦ የሰፈር መንገድን ለሕፃናትና ለሚያሳድጓቸው ሰዎች የማስተካከያ መመሪያ

«ለሰፈራችን ልጆች የሆነ ነገር እናድርግ» ተብሎ ብር ሲዋጣ፣ ብሩ የት እንደሚሄድ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዥዋዥዌ ይገዛል። ክፍት ቦታ ተፈልጎ ይተከላል። በሳምንቱ ጎረምሶቹ ይሰቀሉበታል፣ በሁለተኛው ክረምት ብረቱ ይዝጋል፣ ከዚያ በኋላ የልብስ ማስጫ ነው። የሁለት ዓመቱ ልጅማ ድሮም እዚያ አልደረሰም። ከበሩ እስከ ዥዋዥዌው ድረስ ያልተከደነ ቦይ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጉልበቱን የሚያልፍ የድንጋይ ደረጃ አለ።

ደሴ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስለተቀመጠች ሜዳ ብርቅ ነው፤ የተገኘው ሜዳም ሕፃን ላዘለች ሴት ሩቅ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው አለ፣ ግን ሙቀቱና ከባድ መኪናው አለ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። መጀመሪያ መንገዱ፣ መጨረሻ ጨዋታው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው፦ ሜትር፣ በ95 ሳ.ሜ. የተቆረጠ እንጨት፣ ጠመኔ፣ ደብተር፣ ሲባጎ፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ አሥር ያህል ባዶ ጆንያ። ሲሚንቶ ገና አትግዙ። እርጥበት ነክቶት ድንጋይ ይሆንባችኋል።

በክረምት ተመልከቱ፣ በበጋ ሥሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚሞላ፣ የማን ደጃፍ ድረስ እንደሚመጣ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ግንባታውን ከጥቅምት እስከ ጥር ጨርሱት። የካቲትን ካለፋችሁ የበልግ ዝናብ ያልደረቀ አርማታ ላይ ይመጣባችኋል።

1. አንድ መንገድ ብቻ ምረጡ

ሰፈሩን በሙሉ አትያዙ። አንድ መንገድ፣ ቢበዛ 300 ሜትር። የትኛውን? ትንሽ ልጅ ያለው ሰው በየቀኑ የሚሄድበትን። ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬደውን። አንዲት እናት ለክትባት ብቻ በ45 ቀን፣ በ2 ወር ተኩል፣ በ3 ወር ተኩል፣ በ9 ወር እና በ15 ወር ሕፃን ይዛ ትመላለሳለች። ያ መንገድ ከማንም መናፈሻ ይበልጣል።

ዋናውን አስፋልት አትምረጡ። የከባድ መኪና መተላለፊያ፣ በተለይ ኮምቦልቻ ላይ፣ የሰፈር ኮሚቴ የሚነካው ነገር አይደለም። የውስጥ ለውስጡን ያዙ።

ማንን እንደምትጠይቁ ተጠንቀቁ። የእድር ስብሰባ ላይ የሚናገሩት አባወራዎች ናቸው፤ ልጅ የሚያዝሉት ሰዎች ደግሞ እዚያ የሉም። እማማን ጠይቁ። የቤት ሠራተኛዋን ጠይቁ። ወንድሟን አዝላ የምትውለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠይቁ፤ ከሁላችሁም በላይ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት። ቡና አስፈሉና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሰብስቧቸው። ሰኞ አታድርጉት፣ ገበያ ነው። 

ጥያቄው «ምን ይሠራላችሁ?» አይደለም። እንዲህ ካላችሁ መልሱ ዥዋዥዌ ይሆናል። እንዲህ በሉ፦ «ትናንት ልጁን ይዘሽ የት የት ሄድሽ? የት ላይ አዘልሽው? የት ላይ አወረድሽው?»

አለቀ። ልጁ የታዘለበት ቦታ ሁሉ መንገዱ የተበላሸበት ነው። የወረደበት ቦታ ደህና ነው። ከዚህ በኋላ ሥራችሁ አንድ ነው፤ ልጁ በራሱ እግር የሚሄድባቸውን ሜትሮች ማብዛት።

*ሰው ካልመጣ፦* ወደ እነሱ ሂዱ። ጉልት ላይ፣ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ። ሦስት ቀን ብትቆሙ ይበቃችኋል።

2. በልጅ ቁመት ሂዱ

95 ሳ.ሜ. የጤናማ የ3 ዓመት ልጅ አማካይ ቁመት ነው። ቫን ሊር ፋውንዴሽን የተባለው የኔዘርላንድስ ድርጅት አዲስ አበባን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ሲሠራበት የቆየውን ፕሮግራም «ኧርባን 95» ያለው ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ነው። እናንተ እንጨቱ ጫፍ ላይ ስልኩን እሰሩና ቪዲዮ እየቀረጻችሁ መንገዱን ሂዱበት። ከዚያ ቡና ላይ ለሁሉም አሳዩ። የባጃጅ ጭስ ማውጫ ፊት ለፊት ይመጣል። የቆመ አይሱዙ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። ከአጥር የወጣ የቆርቆሮ ጫፍ ልክ ዓይን ላይ ነው። እኔ ያንን ቆርቆሮ ለዓመታት አልፌዋለሁ፤ አላየሁትም ነበር፣ ለእኔ ወገቤ ላይ ነው።

ቀጥሎ እውነተኛ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። አትጎትቱት፣ ይምራችሁ። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው፤ የእኛን መንገድ 180 ሜትሩን እየወረደም እየታዘለም በ25 ደቂቃ ጨረሰው። አንድ የድንጋይ ግንብ ቀዳዳ ውስጥ ያለች እንሽላሊት ብቻዋን አምስት ደቂቃ ወሰደች። የቆመበትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በኋላ መቀመጫና መጫወቻ የሚሠራው እዚያ ነው፣ ኮሚቴው በወደደው ቦታ አይደለም።

እግረ መንገዳችሁን ተክሎቹን እዩ። ጉሎ ፍሬው መርዝ ነው። አስተናግርም እንዲሁ፤ ቆሻሻ በተጣለበት ሁሉ ይበቅላል። ቆላማው በኩል ቅንጭብ አጥር ካለ፣ ነጩ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ጉሎና አስተናግሩን ከሥሩ ንቀሉ። ቅንጭቡን ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ። ዓይን ከነካ ቶሎ በብዙ ንጹህ ውሃ ማጠብና ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

3. ፈቃዱን ጨርሱ

መንገዱ የሕዝብ ነው፣ የእናንተ ብቻ አይደለም። ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፉ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ የመንገድና የፍሳሽ ባለሙያ ጠይቁ፣ ትራፊክ ፖሊስ ይወቀው። በእጅ የተሣለ ንድፍና የቪዲዮውን ፎቶዎች አያይዙ። ቅጂው ላይ «ደርሷል» የሚል ፊርማና ማኅተም ሳታስደርጉ አትውጡ። አንድ ቢሮ የእኛን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አጥፍቶብናል። በሦስተኛው ቅጂ ይዘን ሄድንና ነገሩ አለቀ።

ከእድሩ ጋር አንድ ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ድንኳን የት ይተከላል? ለለቅሶም ለሠርግም ድንኳኑ መንገዱ ላይ ነው የሚወጣው። እዚያ ቦታ ላይ የማይነቀል ነገር ከሠራችሁ በመጀመሪያው ለቅሶ ያፈርሱታል፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት 3.5 ሜትር ያህል ስፋት ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

4. ቦዩን ክደኑ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ብሩም ጉልበቱም ከሁሉ በፊት የሚውለው እዚህ ነው። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ በፊቱ ቢደፋ ሊሰጥም ይችላል። የደሴ ቦይ በክረምት ደግሞ ከጦሳ የሚወርደውን ይዞ ነው የሚመጣው፣ አዋቂም አይቆምበትም።

መጀመሪያ ጥረጉት። እስከ መሠረቱ። ደለሉን ዳር ላይ አትቆልሉ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ከዚያ የአርማታ ክዳኖችን በተናጠል ሥሩ። ሰው ብቻ ለሚያልፍበት 60 በ50 ሳ.ሜ.፣ ውፍረቱ 8 ሳ.ሜ.፣ ውስጡ ፌሮ ያለው። ይህ ወደ 58 ኪሎ ይመዝናል፣ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ባጃጅ ወይም መኪና የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ግን ግምት አትጠቀሙ፤ የብረቱንም የውፍረቱንም ልክ ባለሙያ ይስጣችሁ። እያንዳንዱ ክዳን ላይ ሁለት የማንሻ ቀዳዳ ተዉ። በክዳንና በክዳን መካከል ከ1.5 እስከ 2 ሳ.ሜ. ክፍተት ይኑር። ውሃው ይገባል፣ የልጅ እግር አይገባም። ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እያጠጣችሁ አቆዩት። በሦስተኛው ቀን ያነሳ ሰው ተሰንጥቆ ነው የሚያገኘው።

አሁን የእኛን ጥፋት ልንገራችሁ። እኛ አጋጣሚውን አገኘን ብለን አርባ ሜትር ቦይ በአንድ ወጥ አርማታ ደፈንነው። ምን የመሰለ መሄጃ ሆነ መሰላችሁ! ልጆቹ ሮጡበት፣ ተመረቀ፣ ፎቶ ተነሳ። ሐምሌ ላይ ፌስታልና የወደቀ ቅርንጫፍ ውስጡ ተሰካ። የሚነሳ ክዳን የለም። ውሃው ወደ ላይ ተመለሰና ቀጥታ የአንዲት አሮጊት ቤት ገባ፤ ፍራሻቸው ሲንሳፈፍ አይቻለሁ። በነጋታው በመዶሻ የገዛ ሥራችንን ሰበርን። እማማ አንድ ቃል አልተናገሩንም፣ እሱ ነው የባሰው።

ስለዚህ የተከደነው ክፍል መግቢያ ላይ ወደ ኋላ ዘመም ያለ የብረት ፍርግርግ አድርጉ። በብረቶቹ መካከል ከ9 ሳ.ሜ. ያነሰ ክፍተት ይሁን። ቀጥ ብሎ የቆመ ፍርግርግ የመጣውን ሁሉ ለጥፎ ይይዛል፤ ዘመም ያለው ቆሻሻውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ለመጥረግም ይመቻል።

*ክዳን ከተሰረቀ ወይም ከተሰበረ፦* ሁለት መጠባበቂያ ክዳን ከመጀመሪያው ሥሩና አንድ ግቢ ውስጥ አስቀምጡ። ቀዳዳውን በቅርንጫፍ «ለጊዜው» አትሸፍኑት። ልጅ ቅርንጫፉን አልፎ ይገባል።

*ክረምት ቀድሞ ከመጣባችሁ፦* የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ አዲስ አትጀምሩ። ያልተከደነውን ክፍል በቋሚ እንጨት አጥሩት።

5. ባጃጁን አቀዝቅዙ፣ በጆንያ ሞክሩ

ልጅ በሚሄድበት መንገድ ላይ 30 ኪ.ሜ. በሰዓት የመጨረሻው ጣሪያ ነው። በሰፈር ውስጥ ለውስጥ ከዚያም በታች መሆን አለበት። ምልክት መትከል ብቻውን አይሠራም፣ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ጆንያዎቹን አሸዋ ሙሏቸው። መንገዱ የሚሰፋበት ቦታ ላይ በሁለቱም ዳር አስቀምጡና አጥብቡት። ሁለት ሳምንት ተዉት። ማታ እንዲታይ ነጭ ጨርቅ ወይም አንጸባራቂ ነገር እሰሩበት፤ ደሴ ጉም ሲወርድባት እንኳን ጆንያ ሰውም አይታይ። የባጃጅ ሾፌሮቹን አስቀድማችሁ አናግሩ። አብዛኛዎቹ እዚያው ሰፈር ልጅ ያላቸው ናቸው። «አብሽሩ፣ አንዘጋባችሁም» ስትሏቸው ይረዷችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ መንገዱን ለማስመር ኖራ አትጠቀሙ። ዓይን ያቃጥላል። ጠመኔ ይበቃል።

ሙከራው ከሠራ በኋላ ነው ቋሚው የሚሠራው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ከሆነ ከፍታው ከ8 ሳ.ሜ. አይብለጥ፣ ባለሙያ ይለካው። ጫፍ እስከ ጫፍ ይድረስ። ዳር ላይ ለውሃ ብላችሁ ሰፊ ክፍተት ከተዋችሁ ባጃጁ ሦስት እግሩን አስተካክሎ በዚያው ይሾልካል፤ ያውም ልጆች በሚሄዱበት ዳር በኩል። ቁልቁለት መሃል ላይ ጉብታ አትሥሩ። ፍሬን የደከመ መኪና እዚያ ይገለበጣል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አናቱ ላይ ይሁን።

6. ደረጃውና መደገፊያው

የደሴ ደረጃ አንዱ 12 ሳ.ሜ.፣ ቀጣዩ 25 ነው። ሰው የሚወድቀው በከፍታው ብቻ አይደለም፣ እኩል ባለመሆኑ ነው። ከፍታውን 15 ሳ.ሜ. ወይም ከዚያ በታች አድርጉ፣ መርገጫውን 30። ሁሉም እኩል ይሁን። በየአሥሩ ደረጃ ሰው የሚያርፍበት ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ። የጋሪ ነገር ብዙም አያሳስበን፣ እዚህ ልጅ የሚሄደው በጀርባ ነው። ግን ያዘለች ሴት እግሯን አታየውም፤ የደረጃውን ጠርዝ ነጭ ቀለም ቀቡላት።

የእጅ መደገፊያ ሁለት ይሁን። አንዱ 90 ሳ.ሜ. ላይ ለአዋቂ፣ ሌላው 55 ላይ ለልጅ። የልጁ ብረት ቀጭን ይሁን፣ እጁ እንዲጨብጠው። ገደል ያለበት ቦታ ላይ ብረቶቹ ቁመታቸውን ይቁሙ፣ ክፍተታቸው ከ9 ሳ.ሜ. ይነስ። አግድም ካደረጋችኋቸው መሰላል ሠራችሁለት ማለት ነው።

7. መቀመጫ

አጭሩ ነገር ይህ ነው። ዳገት ላይ በየ50 ሜትሩ፣ ሜዳ ላይ በየ100 ሜትሩ። ለአዋቂ 45 ሳ.ሜ. ከፍታ፣ አጠገቡ ለልጅ ከ25 እስከ 30። ጀርባ ማስደገፊያ ይኑረው፤ የምታጠባ እናት ያለ እሱ አትቀመጥም። ደሴ ላይ ድንጋዩ ላይ ጣውላ ጣል አድርጉ፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ብረት መቀመጫ እርሱት፣ ቀን ቀን ምጣድ ነው፤ ዛፍ ሥር አድርጉት። ከመቀመጫው ልጁ የሚጫወትበት ቦታ ይታይ።

*ጎረምሶች ጫት ይዘው ከያዙት፦* አታባርሯቸው፣ አይሆንላችሁም። መቀመጫዎቹን ሁለት ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ አድርጉ፣ ለእነሱ ራቅ ያለ ሌላ ረዥም አንድ ሥሩላቸው። እኛ ጋ ሠርቷል።

8. አሁን ጨዋታው

በጠመኔ ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ቦታዎች አስታወሳችሁ? እዚያ። ብዙ አያስፈልግም፦

- ሰኞ ማክሰኞ መሬቱ ላይ በቀለም ሣሉ። አንዱን ለትልልቆቹ፣ አንዱን በግማሽ መጠን ለትንንሾቹ።
- ግድግዳው ላይ ከ50 እስከ 95 ሳ.ሜ. ባለው ከፍታ ፊደል ወይም እንስሳ ሣሉ። የቆየውን ቀለም በደረቁ አትፋቁ። አቧራው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል።
- ክብ ድንጋይና ግንድ፣ ከ60 ሳ.ሜ. ያልበለጠ፣ በደንብ የተቀበረ። ዙሪያው 30 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው አሸዋ።
- መቀመጫው ላይ ገበጣ አስቆፍሩ፣ አባቶች ይጫወታሉ፣ ልጁም ዙሪያቸው ይሆናል። ጠጠሩ ግን ከእነሱ ጋር ይግባ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ አፉ ነው የሚከተው።

አሸዋውን ማታ በሸራ ሸፍኑ፣ ካልሆነ የድመት መጸዳጃ ነው። ያረጀ ጎማ ከተጠቀማችሁ ሽቦው የወጣውን ጣሉ፣ የቀረውን ከታች ብሱት። ውሃ ከያዘ ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ በሽታም ያመጣል።

9. ጠባቂ መድቡና እንደገና ለኩ

እድሩ መዝገብ ላይ በየሳምንቱ የሁለት ቤት ስም ይውጣ። ሥራቸው ሦስት ነው፦ ፍርግርጉን መጥረግ፣ ክዳኖቹን መቁጠር፣ አሸዋውን መሸፈን። በክረምት ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላም ይታይ። «ሁላችንም እንጠብቀዋለን» ከተባለ ማንም አይጠብቀውም፣ ስም ይጻፍ።

በስድስት ወሩ እነዚያኑ ሴቶች ሰብስቡና ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ። የት ላይ አዘልሽው? የት ላይ አወረድሽው? ከመጀመሪያው ደብተር ጋር አስተያዩት። ሜትሩ ካልጨመረ የሆነ ቦታ ስታችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 4 ወይም 5 ላይ ነው፣ እዚያ ተመለሱ። እኛ ጋ የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከ180 ሜትሩ 60 ያህሉን ነበር በእግሩ የሄደው። አሁን የቀረችው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አህያ የሚታሰርባት ጥግ ብቻ ናት። እዚያ ሲደርስ ራሱ እጁን ዘርግቶ «እዘሊኝ» ይላል። ለአህያዋ መፍትሔ እየፈለግን ነው።